ሥዕሌን በገዛ እጄ ኖራ ቀባሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ጅማ ነው። ሰሌዳ እጽፋለሁ፣ ግድግዳ ላይ እሥላለሁ። በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባነር ከመጣ ወዲህ ሥራችን ቀዝቅዟል። ቢሆንም እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ በእጅ የተጻፈ የፀጉር ቤት ወይም የጁስ ቤት ሰሌዳ ካያችሁ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ጠዋት ስላጠፋሁት ሥዕል ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማንም እጄን ይዞ አላስቀባኝም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርድ አንድ መንገድ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት አጥር አለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ግድግዳው አሥራ አራት ሜትር ይረዝማል። «ጅማን የሚገልጽ ነገር ሣልልን» ተባልኩ። ጅማ ሲባል ሁሉም ሰው ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ነው የሚያስበው። እኔም ሆቴል ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰርግ አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ሥየዋለሁ። በዚህኛው ግድግዳ ላይ ግን ሌላ ነገር አማረኝ። ሦስት ሴቶች ቡና ሲጠጡ ሣልኩ።

አንደኛዋ አንገቷ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። ሌላዋ ሻርፗን አገጯ ሥር ሸብ አድርጋለች። ሦስተኛዋ ዘግይታ የመጣች ጎረቤት ናት፤ በሩ ላይ ሆና ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ብላለች። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንዷ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቀዳለች። የትኛዋ እንደምትቀዳ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

እነዚህን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። አንዷ እናቴ ናት። እኛ ግቢ ድግስ ሲኖር ሁለት ድስት ይጣድ ነበር። በጉ ሁለት ነው፤ አንዱ በአንዱ ወገን እጅ፣ ሌላው በሌላው ወገን እጅ ይታረዳል። ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቴ ለጎረቤቷ ድግስ ሽንኩርት ልትከትፍ ስትሄድ ቢላዋ ከቤት ይዛ አትሄድም ነበር። እዚያ ቤት ቢላዋ እንዳለ፣ የሷም ቢላዋ እዚያ ቤት እንደማይገባ ታውቃለች። ቅር አይላትም። እንደዚያ ዓይነት ጥንቃቄ መከባበር እንጂ መራራቅ እንዳልነበር ያደግኩበት ሰው ነኝና አውቃለሁ። ልሥለው የፈለግኩት ያንን ነበር።

በጣም የለፋሁት በቀጂዋ እጅ ነው። ጀበና ሲዘነበል ጣቶች ጆሮውን ይይዛሉ፣ አውራ ጣት ግን ከላይ ይጫናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እያየሁት አላየሁትም ነበር። ባለቤቴን ባዶ ጀበና አስይዤ ሦስት ቀን አስቀመጥኳት። «እጄ ዛለ» እያለችም ቢሆን ጥላኝ አልተነሳችም። ቡናው ወደ ሲኒው ሲወርድ ቀጭን ክር ይሆናል። ያንን ክር በአንድ ትንፋሽ ነው ያወረድኩት። እንደዚያ ዓይነት መስመር ሁለተኛ ከነካኸው ይበላሻል።

ገና እየሠራሁ ሰው ይቆም ጀመር። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ለሴቶቹ ስም አወጡላቸው። አንዲት ከመርካቶ ጎመን ሸጠው የሚመለሱ እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ረከቦቱን ቆጠሩ። «ልጄ፣ ሰዎቹ ሦስት፣ ሲኒው ሰባት። አራቱ ለማን ነው?» አሉኝ። «ለሚመጣ ሰው ነዋ እማማ» አልኳቸው። «እንዲያ በል» ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ። ያን ቀን ማታ ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው።

ሥዕሉ ባለቀ በሳምንቱ አመሻሽ ላይ አራት ወጣቶች መጡ። ጨዋ ናቸው። «ጋሼ፣ ደህና አመሹ» አሉኝ። ከዚያ ከመካከላቸው ረዘም ያለው ግድግዳውን በጣቱ እያሳየ፣ «የእኛዋን ለምን ቀጂ አደረጓት? እኛ የነሱ አሽከር ነን እንዴ?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ፣ «ልጄ፣ የምትቀዳው እኮ የቤቱ ባለቤት ናት። ቤቷ ነው። እንግዶቿ ናቸው» አልኩት። ይህን የማያውቅ የጅማ ልጅ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱ ግን «ይሄ ከተማ የማን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሱቄ የት እንደሆነ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ልጄ የምትማርበትንም ነገረኝ። ከዚያ «ደህና ይደሩ» ብለው ሄዱ።

የየትኛው ሃይማኖት ልጆች እንደሆኑ አልጽፍም። ብጽፍ አንባቢ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «አላልኩም?» ይላል፤ ግማሹ ጋዜጣውን ይዘጋል። ደግሞ ታሪኩ እዚህ አያበቃም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌሎች መጡ። እነዚህ የሌላኛው ወገን ልጆች ናቸው። አንዱን በሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ ወንድሙ እኔ ጋ ሥራ ለምዷል። «የሆነውን ሰምተናል። ማንም አይነካብዎትም። ሌሊት በተራ እንጠብቃለን» አሉኝ። ሆዴ ባባ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ቀጥሎ ልጁ «አንድ ነገር ብቻ አለ» አለ። «በር ላይ ያለችውን ቦታ ለነሱዋ ሴት ይስጧት። የእኛዋ ብቻ ረከቦቱ ጋ ትሁን። ያኔ ሥዕሉ የኛ ነው፣ እንሞትለታለን።»

ከመጀመሪያዎቹ ይበልጥ የፈራሁት እነዚህን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሉ እንዲጠፋ ነበር የፈለጉት። እነዚህ ደግሞ ባንዲራቸው ሊያደርጉት ፈለጉ። ሁለቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ከሴቶቹ አንዷን እንዳስነሳት። «አይሆንም የኔ ልጅ» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ሻይ ልጋብዛቸው ብል አልጠጡም።

ማክሰኞ ጠዋት ስሄድ ግድግዳው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተደፍቶበታል። ረከቦቱ ጋ ያሉት ሁለቱም ሴቶች ፊት ላይ። እስከ ደረታቸው ወርዷል። ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም። በአኳራጅ ላስለቅቅ ሞከርኩ፤ ከዘይቱ ጋር ቀለሙም አብሮ ይመጣል። የተነቀሰችዋ አንገት ጨርቄ ላይ ቀረ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለልኝ። «ለጊዜው ይሸፈን። ለሰላም ሲባል» ተባልኩ።

«ማን ነው ያመለከተው?» አልኩ። «እሱን ተወው» ተባልኩ። «እንግዲያው በደብዳቤ ስጡኝ» አልኩ። «እኛ እኮ እየከለከልንህ አይደለም፤ እየተግባባን ነው» ተባልኩ። የቀረኝ ግማሽ ክፍያ ግድግዳው «ከተስተካከለ» በኋላ እንደሚለቀቅም ተነገረኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር። ልጄ አዲስ አበባ ነው የምትማረው፤ የቤት ኪራይ አለባት። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ሳይሆን እንዴት እንደሚሠራ እንድታዩት ነው። ያስፈራሩኝን ልጆች ማንም አልጠራቸውም። ዘይት የደፋውን ማንም አልፈለገውም። በስልክ የተጠራው ሰው እኔ ነበርኩ፤ የሰላሙን ዋጋ የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድኩ። መንገደኛ እንዳያየኝ ብዬ ነው። ፕላስቲክ ቀለም ቀባው ተብዬ ነበር፤ የመግዣ ብር ግን አልተሰጠኝም። ቤት የነበረችኝን ኖራ በጥብጬ ይዤ ሄድኩ። ከበሩ ጀመርኩ። ጫማ የምታወልቀዋ ጠፋች። ከዚያ ረከቦቱ፣ ሰባቱ ሲኒ። እጁን መጨረሻ ላይ ነው የነካሁት። ብሩሹ እጁ ላይ ሲደርስ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። አንድ ባጃጅ መጣና መብራቱ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ እኔም እንደ ሌባ ደንግጬ ቀባሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይብሳል። አንድ ምግብ ቤት በረንዳው ላይ ቤተሰብ ምሳ ሲበላ እንድሥል አዘዘኝ። ሠርቼ ስጨርስ ባለቤቱ፣ «ሁሉም ጀርባቸውን ለምን ሰጡን?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አራቱንም ከጀርባ ሥያቸዋለሁ። አንገት እንዳይታይ፣ የፀጉር አሸፋፈን እንዳይታይ። ያኔ ማንም አላስፈራራኝም። ማንም አልደወለልኝም። እጄ ራሱ ተምሯል።

እኔ ብቻ አይደለሁም። የማውቃት አንዲት ልጅ በትርፍ ጊዜዋ ቲያትር ትጽፋለች። ዘንድሮ ለመድረክ ያዘጋጀችው በሁለት ቤተሰብ መሐል ስለሚዋደዱ ልጆች ነበር። ጽሑፉን ሳየው ገጸ ባሕርያቱ ስም የላቸውም፤ «እሱ» እና «እሷ» ብቻ። «ለምን?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ስም ሃይማኖት ያሳብቃል» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ ጓደኛዬም ከመስታወቱ የሰርግ ፎቶዎቹን አውርዶ የፏፏቴ ፎቶ ሰቅሏል። ድሮ ሳንሱር ቢሮ ነበረው። ጽሑፍህን ታስገባለህ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይገባበታል፣ ማኅተም ይመታበታል። ቢያንስ በየትኛው በር እንደምትገባ ታውቃለህ። የዛሬው በር የለውም።

እኔ ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ። ግድግዳ ከመጀመሬ በፊት ሳልጸልይ ብሩሽ አላነሳም። ሃይማኖትን የሚያዋርድ ሥዕል ሥዬ አላውቅም፣ አልሥልምም። ተዋረድኩ የሚል ሰው ደግሞ መክሰስ ይችላል፤ ፍርድ ቤት አለ። የመጡብኝ ልጆች ግን ስለ ፈጣሪ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾም አላነሱም። ያወሩኝ ስለ ከተማዋ ነው። የማን እንደሆነች። ጅማ ደግሞ ከገበያ የተወለደች ከተማ ናት። የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በዚህ አገር ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይጎርፍ ነበር፤ ቋንቋውም ሃይማኖቱም ብዙ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ሙስሊም ነበሩ፤ ለዳግማዊ ምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉ ሰው ናቸው። ይህችን ከተማ «የኛ ብቻ» የሚል ሰው ከየትኛው ሐሙስ ጀምሮ እንደሆነ ይንገረኝ።

ከመሥሪያ ቤቱ የደወለልኝ ኃላፊ ያለ ምክንያት እንዳልፈራ አውቃለሁ። በ2003 ዓ.ም. አሰንዳቦ የሆነውን የጅማ ሰው አይረሳም። ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሳ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ስንትና ስንት ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። ከእሳቱ በፊት ወሬ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚታይ ሥዕል ግን ወሬ አይደለም። ሰው ቆሞ ያየዋል፣ ይጠይቅሃል፣ ትመልስለታለህ። እኔና ያ ረጅም ልጅ ቢያንስ ተነጋግረናል። ግድግዳው ከነጣ በኋላ ነው ከተማው ውስጥ የሌለ ነገር መወራት የጀመረው። አንድ የጀበና ቡና ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ «ያ ሰዓሊ እኮ ነቢይ ሥሎ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የሣልኩት እናቴን ነው! ሥዕሉ ቢኖር ወስጄ አሳየው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው የፊልም ሰሌዳ ይሥሉ ነበር። የህንድ ፊልም ሲመጣ ለተዋናይቷ ዓይን ብቻ አንድ ቀን ይፈጁ እንደነበር ያወሩኝ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ ስነግራት፣ «አባዬ፣ ልክ እንደናንተ የሰሌዳ ሰዓሊ የነበረ አንድ ህንዳዊ አለ» ብላ አነበበችልኝ። መቅቡል ፊዳ ሁሴን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1915 ነው የተወለደው፤ የህንዶቹን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ቦምቤይ ውስጥ የፊልም ሰሌዳ እየሣለ ነው ኑሮውን የጀመረው። በኋላ የአገሪቱ ስመ ጥር ሰዓሊ ሆነ። ባዶ እግሩን ነበር የሚሄደው። ሰውየው ሙስሊም ነው፤ የሂንዱ አማልክትን ራቁታቸውን ሥሎ ነበር። ሥዕሎቹ የ1970ዎቹ ናቸው። ያኔ ማንም ምንም አላለም። በ1996 አንድ መጽሔት አወጣቸውና ቁጣ ተነሳ። በ1998 ቤቱ ተጠቃ። ክስ በክስ ላይ ተደራረበበት። በ2006 አገሩን ጥሎ ወጣ። በ2010 የኳታር ዜግነት ወሰደ፣ በ2011 በ95 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ሞተ።

እኔ ብሆን እንደዚያ አልሥልም። ይህን በግልጽ እናገራለሁ። ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ወደኋላ ተመልሶ የሚቆጣ ሰው ሥዕሉን አይደለም የሚያየው። ማን እንደሣለው ነው የሚያየው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2008 ክሱን ውድቅ አደረገለት። በዚያው ዓመት ዴልሂ ላይ ትልቅ የሥዕል ገበያ ሲዘጋጅ አዘጋጆቹ ግን የሁሴንን ሥራ አንሰቅልም አሉ። ፈርተው ነው። ሳህማት የሚባል የአርቲስቶች ማኅበር ሥዕሎቹን በራሱ ቦታ ሰቀለ። ሰዎች ገብተው ሰባበሩባቸው። ልጄ ይህን ስታነብልኝ «ቆይ» አልኳትና ወጥቼ ትንሽ ነፋስ ተቀበልኩ።

ይበልጥ የነካኝ ግን የአንድ ህንዳዊ ደራሲ ታሪክ ነው። ፔሩማል ሙሩጋን ይባላል። በታሚል ቋንቋ የሚጽፍ፣ በጣም ዝምተኛ ሰው ነው አሉ። አንድ ልብ ወለዱ ሃይማኖታችንንና ጎሳችንን ሰደበ የሚሉ ሰዎች ተነሱበት። መጽሐፉን አቃጠሉ፣ ሱቅ አዘጉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት በጃንዋሪ 2015 ምን አደረጉ መሰላችሁ? «የሰላም ውይይት» ብለው ደራሲውን ጠሩት። እዚያ ይቅርታ የሚል ወረቀት ላይ አስፈረሙት፣ መጽሐፉም እንዲነሳ አደረጉ። ሰውየው ቤቱ ተመልሶ ፌስቡክ ላይ ደራሲው ፔሩማል ሙሩጋን ሞቷል ብሎ ጻፈ። በሕይወት እያለ።

«ለሰላም ሲባል» የሚለው ቃል በታሚልም በአማርኛም አንድ ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ።

በ2016 የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነገሩን አየው። ያ የሰላም ስምምነት ደራሲውን አያስገድደውም አለ። መጽሐፍ ያልወደደ ሰው አያንብብ፣ ደራሲው ግን ወደሚችለው ሥራ ይነሳ፣ ይጻፍ አለ። ልጄ ቆይታ አንድ ነገር ደረሰችበት። የሁሴንን ክስ ዴልሂ ላይ የዘጉትና ይህን ፍርድ ማድራስ ላይ የጻፉት ዳኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ሳንጄይ ኪሻን ካውል። ሙሩጋንም እንደገና ጻፈ። ሁሴን ግን አገሩ ሳይመለስ ነው የሞተው። ፍርድ ብቻውን ሰውን ቤቱ አይመልስም።

ሳህማትም ስሙን ያገኘው ከአንድ ሰው ነው። ሳፍዳር ሀሽሚ የመንገድ ላይ ቲያትር የሚሠራ ሰው ነበር። በጃንዋሪ 1 ቀን 1989 ከዴልሂ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሠራተኞች ሰፈር ከቡድኑ ጋር እየተወነ ሳለ የታጠቁ ሰዎች መጡባቸው። ጭንቅላቱን መቱት፣ በማግሥቱ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። እዚያው ቦታ አንድ ሠራተኛም ተገደለ። ይህ የአካባቢ ምርጫ ፖለቲካ ነበር፣ የሃይማኖት ጠብ አይደለም። ነገር ግን ጃንዋሪ 4 ቀን ባለቤቱ ሞሎያሽሪ ከቡድኑ ጋር ወደዚያው ቦታ ተመለሰች። ያቋረጡትን ቲያትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫወቱት። ባሏ ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው መጣ። ማኅበሩ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። በኋላ አዮድያ በምትባል የህንድ ከተማ በዲሴምበር 1992 የባብሪ መስጊድ በሂንዱ አክራሪዎች ሲፈርስ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ከተማ ድረስ ሄደው ሙዚቃ አቀረቡ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ህንድን ለማውራት አይደለም። እኔ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ሳያየኝ ሄጄ ቀባሁ። እሷ በጠራራ ቀን ሰው ፊት ተመልሳ ቆመች። ይህ ልዩነት እንቅልፍ ይነሳኛል።

እኛ አገር ሕጉ የለም እንዳትሉ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የሥነ ጥበብ ፈጠራ ነፃነት የተረጋገጠ ነው ይላል፤ ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ ነው ይላል። አንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። እነዚህን አንቀጾች ሱቄ ውስጥ በእጄ ጽፌ ለጥፌያቸዋለሁ። በስልክ የሚመጣ «እንግባባ» ግን የትኛውም አንቀጽ ውስጥ የለም። የማይጻፍ ክልከላ ይግባኝ አይባልበትም። ለዚህ ነው የማይጻፈው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው እዚህ ግባ የማይባል የሚመስል ነገር ነው። በየከተማው ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ሥዕል ይነሳ፣ ቲያትር ይቅር የምትሉ ከሆነ በወረቀት በሉ። ስማችሁን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱን ጻፉበት። ማን እንዳመለከተ ጻፉበት። ያስፈራራውን ሰው ደግሞ ከአርቲስቱ በፊት ጥሩት። የሃይማኖት አባቶቻችን፣ ሐጂዎቻችንም ቀሳውስቶቻችንም ፓስተሮቻችንም፣ ልጆቻችሁ በእናንተ ስም የሰው በር ሲያንኳኩ ዝም አትበሏቸው። እኔ በየወገኑ አንድ አንድ ሽማግሌ ሄጄ አነጋግሬያለሁ። አንደኛው አባት እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሥዕሉን አይቼ ወድጄው ነበር» አሉኝ። «ያንን ለልጆቹ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከዘይቱ በላይ ነው ያመመኝ።

ለጅማ ሰዓሊዎች፣ ለቲያትር ልጆች፣ ለፎቶ አንሺዎች የምለው ግን ሌላ ነው። ብቻችንን ስለሆንን ነው በስልክ የምንሸፈነው። የእኔ ግድግዳ ላይ ዘይት በተደፋ ቀን አሥር ሰው ብሩሽ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ያ ስልክ አይደወልም ነበር። ደግሞ የማንም ወገን «ዘብ» አትቀበሉ። ሥዕልህን የሚጠብቅልህ ሰው ከሥዕልህ ውስጥ አንድ ሰው እንድታስወጣ ከጠየቀህ፣ የሚጠብቀው ሥዕሉን አይደለም።

ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶኛል። ሥዕሉን በራሴ ወጪ መልሼ እንድሠራ ነው የጠየቅኩት። ካልፈቀዱም እምቢታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ጅማ ዝናቡ አላባራም። ኖራ ደግሞ ዝናብ አይችልም። ትናንት በዚያ በኩል ሳልፍ ከላይ ጀምሮ እየታጠበ አየሁት። የጀበናው አንገት ብቅ ብሏል። ከሱ ሥር አውራ ጣቷ ይታያል። የሴቶቹ ፊት ገና ነው፤ ዘይቱ ስላለበት አዲስ መሠራት አለበት። መስከረም ላይ ግድግዳው ሲደርቅ መሰላሌን ይዤ እሄዳለሁ። በዚህ ጊዜ ሰው በሚተላለፍበት ሰዓት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስካሁን ሦስት ሰዓሊዎች አብረን እንቀባለን ብለውኛል። ያቺ ቲያትር ጸሐፊዋም እመጣለሁ ብላለች። ባለቤቴ እንደገና ጀበና ትይዝልኛለች። አሁን ግን ባዶውን አልይዝም ብላለች፤ ሰባቱንም ሲኒ ታጥባ ይዛ ትመጣለች።

ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ። ለባለቤቴና ለልጄ ስል በጋዜጣው ላይ እንዳታወጡት እለምናለሁ።

ሰሌዳ ጸሐፊውና ሰዓሊው፣
ከጅማ